ራሳችን የሠራነው ዊጄት ከገጽታው የሚመጣውን ስታይል አልቀበል አለ (አንድሮይድ፣ ኮትሊን)

አዌቱ_ዳር | ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም የጅማ ልጆች። ለቡና ተረካቢዎች በሚሠራ አፕ ውስጥ የእርጥበት ማሳያ ዊጄት (ስክሪን ላይ የሚታይ አንድ ክፍል) አለ። ክብ ቀለበት ነው፤ መሃሉ ላይ ፐርሰንቱ ይጻፋል፣ ቁጥሩ 11.5ን ሲያልፍ ቀለበቱ ቀለም ይቀይራል። በቀጥታ ከቪው (የአንድሮይድ የስክሪን ክፍሎች ሁሉ እናት ክላስ) ነው የሚወርሰው። ዝቅተኛው ኤፒአይ 21 (አንድሮይድ 5.0) ነው።

አትርስ ፋይሉ ውስጥ ዲክሌር-ስታይለብል (ዊጄቱ የሚያነባቸው አትሪቢዩቶች ዝርዝር) ከፍቼ ሦስት አትሪቢዩት አስገብቻለሁ፦ የቀለበት ቀለም፣ የቀለበት ውፍረት እና የማስጠንቀቂያ ገደብ። ሌይአውቱ (የስክሪኑ አቀማመጥ ፋይል) ላይ በቀጥታ ስጽፋቸው ይሠራሉ። ስታይል አዘጋጅቼ ሌይአውቱ ውስጥ ከዊጄቱ ታግ ላይ ካያያዝኩትም ይሠራሉ። የአፑ ገጽታ ላይ «የዚህ ዊጄት ዲፎልት ስታይል ይህ ነው» ብዬ ሳስቀምጥ ግን ቀለበቱ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ቢልዱ ያልፋል፣ ሎግካት ላይም አንድ መስመር የለም።

ሃያ ሁለት ቦታ ላይ ስታይሉን በእጅ መለጠፍ አልፈልግም። ከስልክ ስለምጽፍ ኮዱን በፊደላችን ነው የማስቀምጠው። ደግሞ «ገጽታ» የምለው ቲም የምንለውን፣ የአፑን ሁሉ መልክ በአንድ ቦታ የሚወስነውን ነው፤ ከሥራ ቡድን ጋር እንዳይምታታ።

ሂርማታ_47 | ሰኞ ማታ 2:41

ኤረር የማይሰጠው ስህተት ስላልሆነ ነው። ፈልጎ አጣ፣ መጠባበቂያውን ወሰደ፣ አለቀ። ግራጫው ጌት-ከለር ላይ ሁለተኛ አድርገህ የሰጠኸው ቀለም ነው አይደል?

አንድሮይድ ለአንድ አትሪቢዩት ዋጋ ሲፈልግ በዚህ ተራ ይሄዳል፣ ያገኘበት ላይ ይቆማል። በመጀመሪያ ታጉ ላይ በቀጥታ የተጻፈውን ያያል። ከዚያ ታጉ ላይ የተያያዘውን ስታይል። ከዚያ ዴፍ-ስታይል-አትር የሚባለውን፤ ይህ ራሱ ስታይል አይደለም፣ ገጽታው ውስጥ ያለ የአንድ አትሪቢዩት ስም ነው፣ ስታይሉን የሚጠቁመው እሱ ነው። ከዚያ ዴፍ-ስታይል-ሬስ (ኮዱ ላይ በቀጥታ የሚሰጥ መጠባበቂያ ስታይል)፣ በቅድመ ሁኔታ። በመጨረሻ ገጽታው ላይ በቀጥታ የተጻፈ ዋጋ ካለ እሱን። ከነዚህ ከአንዱም ካጣ ያንተን ግራጫ ይወስዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሠርተውልሃል። ሦስተኛው ነው የተበጠሰው። ኮንስትራክተርህ (ዊጄቱ ሲፈጠር የሚጠራው ኮድ) ምን ይላል? ለሱፐር (ለእናት ክላሱ) እና ዋጋዎቹን ለሚያነበው ለኦብቴይን-ስታይልድ-አትሪቢዩትስ ሦስተኛ ሆኖ የሚገባው ምንድን ነው?

አዌቱ_ዳር | ሰኞ ማታ 2:50

አዎ ግራጫው የኔ ነው። የጻፍኩት ኮንስትራክተር አንድ ብቻ ነው፣ ከላዩ ጄቪኤም-ኦቨርሎድስ (ከእሱ አጫጭሮቹን ኮንስትራክተሮች ራሱ የሚፈጥር ምልክት) አለበት። ኮንቴክስት፣ አትሪቢዩት-ሴት እኩል ነል፣ ዴፍ-ስታይል-አትር እኩል 0። ኦብቴይን ላይ ደግሞ አትሪቢዩት-ሴቱን እና ስታይለብሉን ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ሌሎቹን ሁለቱን አልሰጠሁም።

ሂርማታ_47 | ሰኞ ማታ 3:08

ጉዱ እዚህ ጋ ነው፤ ሁለት ቦታ ተቆርጧል።

ሌይአውት ኢንፍሌተሩ ኤክስኤምኤሉን ሲያነብ የሚጠራው ባለ ሁለት ፓራሜትሩን ኮንስትራክተር ነው፣ ኮንቴክስት እና አትሪቢዩት-ሴት ያለውን። ሦስተኛውን ማንም አይሰጠውም፣ ስለዚህ 0 ይሆናል። 0 ማለት «ገጽታው ውስጥ አትፈልግ» ማለት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ኦብቴይን ላይ ባለ ሁለቱን መጥራትህ ነው፤ ሦስተኛው ትክክል ቢሆን እንኳ ወደዚያ አይደርስም ነበር።

እንዲህ አድርገው፦

1ኛ) አትርስ ፋይሉ ውስጥ፣ ከዲክሌር-ስታይለብሉ ውጭ፣ አንድ አዲስ አትሪቢዩት አውጅ። ስሙ «እርጥበት-ማሳያ-ስታይል»፣ ፎርማቱ ሬፈረንስ። ስታይለብሉ ውስጥ አታስገባው፤ የገጽታው ንብረት እንጂ የዊጄቱ አይደለም።

2ኛ) የአፑ ገጽታ ውስጥ በዚያ ስም አይተም ጨምር፣ ዋጋው ወዳዘጋጀኸው ስታይል የሚያመለክት ይሁን። ከስሙ ፊት «አንድሮይድ፦» የሚል ቅጥያ አይገባም፤ ያንተ አትሪቢዩት ነው።

3ኛ) ኮንስትራክተሩ ላይ 0 ያልከውን አር-ነጥብ-አትር-ነጥብ-እርጥበት-ማሳያ-ስታይል አድርገው።

4ኛ) ኦብቴይንን በአራት ፓራሜትር ጥራ፦ አትሪቢዩት-ሴት፣ ስታይለብል፣ ዴፍ-ስታይል-አትር፣ 0። ለሱፐርም ሦስተኛውን አሳልፍለት፤ ካላሳለፍክ ፓዲንግ እና ባክግራውንድ ስታይልህ ውስጥ ቢኖሩም ቪው ራሱ አያያቸውም። ያንተን ሦስት አትሪቢዩት የምታነበው አንተ ነህ፣ የአንድሮይዶቹን የሚያነበው ሱፐር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀለሙ ይመጣል፣ ፓዲንጉ ይቀራል፣ ከዚያ ፓዲንጉን በኮድ መጻፍ ይጀመራል።

አዌቱ_ዳር | ሰኞ ማታ 3:30

ቀለሙ መጣ! ፓዲንጉም መጣ። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።

ቦሳ_ቂቶ | ማክሰኞ ጠዋት 3:05

ጥሩ ነው፣ ግን ዴፍ-ስታይል-ሬሱንም 0 ባታደርገው ይሻላል። ሙሉ ዲፎልት ስታይል ጽፈህ አራተኛ አድርገህ ስጠው። ከዚያ የአፑ ገጽታ ላይ ያለው ስታይል ቀለሙን ብቻ ቢጽፍ የጎደለውን ውፍረት ከዴፍ-ስታይል-ሬሱ ይሞላዋል።

አዌቱ_ዳር | ማክሰኞ ቀን 6:20

ቦሳ ቂቶ እንዳልከው አደረግኩ። ውፍረቱን ከገጽታው ስታይል አውጥቼ አራተኛው ላይ ባለው ስታይል ውስጥ አስቀመጥኩት፣ 6 ዲፒ (እንደ ስክሪኑ ጥራት ወደ ፒክስል የሚቀየር መለኪያ)። ቀለበቱ ጠፋ። ፐርሰንቱ ብቻ ቀረ።

የቆጪዋ | ማክሰኞ ቀን 6:47

አይሞላም። ሂርማታ «በቅድመ ሁኔታ» ያለው ይህንን ነው።

ዴፍ-ስታይል-ሬስ የሚታየው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፦ ዴፍ-ስታይል-አትር 0 ከሆነ፣ ወይም 0 ባይሆንም ገጽታው ውስጥ ያ አትሪቢዩት ካልተገኘ። ገጽታው ውስጥ ከተገኘ ግን ስታይሉ አንድ አይተም ብቻ ቢይዝም አራተኛው በሙሉ ይጣላል። ሁለቱ አይደባለቁም። አንተ ጋ ገጽታው ስታይል አለው፣ ውስጡ ቀለም ብቻ ነው፤ ውፍረቱ የለም፣ ስለዚህ ጌት-ዲሜንሽን ላይ የሰጠኸውን መጠባበቂያ ወሰደ። እሱ 0 ከሆነ የቀለበቱ ውፍረት 0 ሆነ ማለት ነው። አራተኛው ላይ ያለውን ስታይል ስትቀያይር ብትውል ውሃ መውቀጥ ነው።

(ለነገሩ ለፔይንት የምትሰጠው ውፍረት 0 ሲሆን አንድሮይድ መሳል አይተውም፤ የአንድ ፒክስል ቀጭን ክር ይስላል። ጠጋ ብለህ ብታይ ቀለበቱ ይኖራል፣ ግን በጅማ የቀትር ፀሐይ ስክሪን ላይ ማን ያየዋል።)

መፍትሔው ውርስ ነው። ሙሉውን ስታይል ጻፍ፣ «ዊጄት-ነጥብ-እርጥበት-ማሳያ» በለው፣ ቀለሙም ውፍረቱም ገደቡም ይኑሩበት። የአፑ ስታይል ፓረንቱ እሱ ይሁንና ቀለሙን ብቻ ይቀይር። ያኔ የገጽታው ስታይል ሲገኝ ሙሉ ሆኖ ነው የሚገኘው። አራተኛው ላይ ደግሞ ያንኑ «ዊጄት-ነጥብ-እርጥበት-ማሳያ» ስጥ፤ ጥቅሙ ዊጄቱ ያ አትሪቢዩት በሌለበት ገጽታ ውስጥ ሲከፈት ነው። ኮዱም ላይ መጠባበቂያህ 0 አይሁን።

የስታይል ስም ላይ ነጥብ ስትጠቀም አንድ ነገር፦ ነጥቧ ራሷ ውርስ ናት። «ዊጄት-ነጥብ-እርጥበት-ማሳያ-ነጥብ-ቀይ» ብትል ፓረንት ባትጽፍም ከፊተኛው ይወርሳል። ፓረንት ከጻፍክ ግን የጻፍከው ያሸንፋል፣ ነጥቧ ስም ብቻ ሆና ትቀራለች። ከላይብረሪ የመጣን ስታይል በነጥብ ብቻ አትውረስ፣ ፓረንት ብለህ ጻፍ።

ቦሳ_ቂቶ | ማክሰኞ ቀን 7:02

ተቀብያለሁ። ሁልጊዜ የሚደባለቁ ነበር የሚመስለኝ፤ እስከ ዛሬ የሠራልኝ ገጽታው ላይ ምንም ስለማልጽፍ ነው ማለት ነው።

አዌቱ_ዳር | ማክሰኞ ማታ 1:15

ተስተካከለ። አሁን የቀረው መልኩ ነው። ቀለበቱ አራቱም ጎን ላይ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ደግሞ አንዱ ስልክ ላይ ውፍረቱ ልክ ነው፣ ሌላው ላይ እንደ ጎማ ወፍሯል።

ጅሬን_ኮረብታ | ማክሰኞ ማታ 1:52

ሁለቱም የታወቁ ናቸው።

መቆረጡ፦ ፔይንት መስመር ሲስል ውፍረቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ውጭ ያደርጋል። 480 ዲፒአይ ስልክ ላይ 6 ዲፒ ማለት 18 ፒክስል ነው፤ ክቡን ከቪው ጠርዝ ጋር ልክ አድርገህ ከሳልከው 9 ፒክስል ከጠርዙ ውጭ ይወጣና ይቆረጣል። ሬክታንግሉን በአራቱም በኩል በፓዲንጉ ላይ የውፍረቱን ግማሽ ጨምረህ ወደ ውስጥ አስገባው። ይህን ኦን-ሳይዝ-ቼንጅድ ውስጥ አስላ፤ ኦን-ድሮው ውስጥ አዲስ ሬክታንግል አትፍጠር።

የጎማው፦ ጌት-ዲሜንሽን የሚመልሰው ዲፒ አይደለም፣ ወደ ፒክስል የተቀየረ ቁጥር ነው። ኮድህ ውስጥ በዴንሲቲ እንደገና እያባዛህ ይመስለኛል። 160 ዲፒአይ ስልክ ላይ ዴንሲቲው 1 ስለሆነ አይታወቅም። 480 ላይ ዴንሲቲው 3 ነው፤ 6 ዲፒ 18 ፒክስል ሆኖ ይመጣል፣ አንተ በ3 ታባዛዋለህ፣ 54 ይሆናል። ማባዣውን ሰርዘው።

በጌት-ዲሜንሽን የሚጀምሩትን ሦስቱንም ለይ። ጌት-ዲሜንሽን ከነነጥቡ ይሰጣል። ጌት-ዲሜንሽን-ፒክስል-ሳይዝ ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል፣ ዋጋው 0 እስካልሆነ ድረስ ቢያንስ 1 ይሰጣል። ጌት-ዲሜንሽን-ፒክስል-ኦፍሴት ከነጥብ በኋላ ያለውን ይቆርጣል፣ ስለዚህ 0.8 ፒክስል 0 ይሆናል። ለቀለበት ውፍረት የመጀመሪያው፣ ለቀጭን መለያ መስመር ሁለተኛው።

አዌቱ_ዳር | ማክሰኞ ማታ 2:10

ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ማባዣው ነበር። አመሰግናለሁ።

ሌላም ልጠይቅ። የቀለበቱ ቀለም ሰሌክተር (እንደ ዊጄቱ ሁኔታ ቀለም የሚመርጥ ዝርዝር) ነው፤ ዊጄቱ ሲጠፋ፣ ማለትም ኢነብልድ ፎልስ ሲሆን፣ ፈዘዝ እንዲል ነበር። አይፈዝም።

ጅሬን_ኮረብታ | ማክሰኞ ማታ 2:33

ጌት-ከለር ሰሌክተር ሲሰጠው የሚመልሰው ዲፎልቱን አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የቀሩትን ይጥላቸዋል። ጌት-ከለር-ስቴት-ሊስት ብለህ ተቀበለው፣ ነል ሊሆን ስለሚችል ፈትሽ፣ ፊልድ ውስጥ ያዘው። ከዚያ ድሮወብል-ስቴት-ቼንጅድን ኦቨርራይድ አድርገህ ሱፐሩን ጥራ፣ ለድሮወብል-ስቴቱ የሚሆነውን ቀለም ከሊስቱ አውጣ፣ ከበፊቱ ከተለየ ፔይንቱን ቀይርና ኢንቫሊዴት አድርግ። ሴት-ኢነብልድ ሲጠራ አንድሮይድ ራሱ ወደዚያ ያመጣሃል።

ሰሌክተሩ ውስጥ የገጽታ አትሪቢዩት እየጠቆምክ ከሆነ ግን የአንተ ዝቅተኛ 21 ነው፣ እሱ ደግሞ ከ23 በታች አይሠራም። አትሪቢዩቱ የያዘውን የሪሶርስ አይዲ በጌት-ሪሶርስ-አይዲ አውጥተህ በአፕኮምፓት-ሪሶርስስ በኩል ጫነው።

የቆጪዋ | ማክሰኞ ማታ 2:58

ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ልጨምር። 11.5 ሲያልፍ የሚቀየረውን ቀለም በኢፍ ከምትጽፈው ራስህ ስቴት ብትሠራለት ያምራል። «እርጥበት-ከፍ-ያለ» የሚል ቡሊያን አትሪቢዩት አውጅ፣ ኦን-ክሪኤት-ድሮወብል-ስቴትን ኦቨርራይድ አድርገህ የተሰጠህ ቁጥር ላይ 1 ጨምረህ ሱፐሩን ጥራ፣ ገደቡ ሲያልፍ ያንን ስቴት በመርጅ-ድሮወብል-ስቴትስ ጨምር፣ ቁጥሩ ገደቡን ሲሻገር ሪፍሬሽ-ድሮወብል-ስቴት ጥራ። ከዚያ ቀለሙን ሰሌክተሩ ራሱ ይወስናል፤ ዲዛይነሩ ኮድ ሳይነካ ይቀይረዋል። ሰሌክተር ውስጥ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፣ መጀመሪያ የገጠመው ይወሰዳል፤ ሁኔታ የሌለበትን አይተም መጨረሻ ላይ አድርገው።

ለነገሩ ገደቡን ስታውጅ ፎርማቱን ፍሎት እንዳልክ አይቻለሁ፣ ጎበዝ። ኢንቲጀር ብለህ 11.5 ብትጽፍ ቢልዱ አያልፍም ነበር።

አጂፕ_ሰፈር | ረቡዕ ጠዋት 4:12

እኔም እዚሁ ልግባ፤ የኔም ከዚሁ ዘር ነው። ከአፕኮምፓት ኤዲት-ቴክስት የወረስኩት የኪሎ ማስገቢያ አለ። ልክ እንደ አዌቱ ዳር ጄቪኤም-ኦቨርሎድስ፣ ሦስተኛው 0። ሜዳው ይታያል፣ ከሥሩ ያለው መስመር የለም፣ ስነካው ኪቦርድ አይመጣም።

የቆጪዋ | ረቡዕ ጠዋት 4:30

አዎ፣ ያው ነው፣ ግን በተቃራኒው። ከቪው ስትወርስ የሚጠፋው ያንተ ስታይል ነው፤ ከኤዲት-ቴክስት ስትወርስ የሚጠፋው የእናቱ ነው። ኤዲት-ቴክስት መስመሩን ብቻ ሳይሆን መነካት እና ፎከስ መቀበሉን ጭምር የሚያገኘው ከዲፎልት ስታይሉ ነው፤ 0 ስትሰጠው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ነገር ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛውን የአፕኮምፓቱን ኤዲት-ቴክስት-ስታይል አድርገው። በተን ከሆነ በተን-ስታይል፣ ቼክቦክስ ከሆነ ቼክቦክስ-ስታይል።

አሩን (የአትሪቢዩቶቹ ስም የሚገኝበትን ክላስ) ከየት እንደምታመጣም ተመልከት። አንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን 8.0 ወይም ከዚያ በላይ ላይ ከሆንክ የላይብረሪው አትሪቢዩት በዲፎልት በራስህ አር ውስጥ አይታይም፤ አንድሮይድኤክስ-ነጥብ-አፕኮምፓት-ነጥብ-አር ብለህ ነው የምትጠራው። ከዚህ በፊት ከነበረ ፕሮጀክት የተቀዳ ኮድ እዚህ ላይ «አልተገኘም» ይላል።

ወይም ደግሞ ጄቪኤም-ኦቨርሎድሱን ተወውና ሦስት ኮንስትራክተር በእጅ ጻፍ፤ ባለ ሁለቱ የሱፐሩን ባለ ሁለት ይጥራ። ረጅም ነው ግን አይሳሳትም። እኔ ከሌላ ዊጄት ስወርስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።

አጂፕ_ሰፈር | ረቡዕ ቀን 6:05

ኪቦርዱ መጣ። ዕድሜ ይስጥሽ።

ሂርማታ_47 | ረቡዕ ቀን 6:40

ስለ በተን ከተነሳ እዚህ አገር ብቻ የሚገጥም ነገር ልናገር። አፖቻችን በአማርኛ እና በአፋን ኦሮሞ ነው የሚወጡት። የፊተኛው ማቴሪያል (የጉግል የዲዛይን ላይብረሪ) በተን ስታይል ጽሑፉን ሁሉ ወደ ካፒታል ይቀይራል፤ ቴክስት-ኦል-ካፕስ ትሩ ነው። በማቴሪያል 3 ፎልስ ነው። የግዕዝ ፊደል ካፒታል ስለሌለው አማርኛው ላይ ምንም አይታይም፣ ሞካሪውም አማርኛ ላይ አይቶ ያልፈዋል። ቁቤው ግን በሙሉ ካፒታል ይሆናል። አናባቢዎቹ ስለሚደጋገሙ ቃሉ ድሮም ረጅም ነው፤ ካፒታል ሲሆን ደግሞ ከበተኑ ይወጣል ወይም በሁለት መስመር ይሰበራል። ዲፎልት ስታይላችሁ ውስጥ ቴክስት-ኦል-ካፕስን ፎልስ በሉት። ስፋቱን በዲፒ አትቸንክሩት፤ ራፕ-ኮንቴንት አድርጋችሁ ሚን-ዊድዝ ስጡት።

ሌላው የጽሑፍ ቁመት ነው። ከላቲን ብቻ የተሠራ ፎንት ስታይሉ ላይ ካስቀመጣችሁ ስልኩ አማርኛውን ከራሱ የግዕዝ ፎንት ያመጣዋል፤ የሁለቱ ቁመት አይገጥምም። የዊጄቱን ከፍታ በፎንት ሳይዝ አስልቶ መሳል ያኔ ፊደሉን ከላይ ይቆርጣል። አዌቱ ዳር፣ መሃል ያለውን ጽሑፍ ስትስል የፔይንቱን ፎንት-ሜትሪክስ ተጠቀም፤ አሴንት እና ዲሴንትን ደምረህ ለ2 ስታካፍል (አሴንት ኔጌቲቭ ስለሆነ ምልክቱን ገልብጠህ) ከመሃል ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳለብህ ታገኛለህ። ለጽሑፍ መጠኑ ደግሞ አዲስ አትሪቢዩት አትፍጠር። ስታይለብልህ ውስጥ አንድሮይድ-ቴክስት-ሳይዝ የሚለውን ያለ ፎርማት አስገባ፤ ፎርማቱን አንድሮይድ አስቀድሞ አውጆታል። ዋጋውን በኤስፒ ጻፍ፣ ፊደል ለማጉላት ሴቲንግ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው።

ጅሬን_ኮረብታ | ረቡዕ ማታ 1:20

ስም አወጣጡም ላይ ልብ በሉ። አትሪቢዩት የአፑ ሁሉ ናት፤ የዊጄቱ የግል አይደለችም። ቢልድ ሲደረግ የሁሉም ላይብረሪ አትሪቢዩት አንድ ማድጋ ውስጥ ይገባል። አንዱ «ሳይዝ»ን ዲሜንሽን፣ ሌላው ኢንቲጀር ካለ ግጭት ነው። «እርጥ» የሚል ቅጥያ ከፊት አድርጉ። በራሳችሁ ሞጁል ውስጥ ሁለት ዊጄት አንድ አትሪቢዩት የሚጋሩ ከሆነ ፎርማቱን ከላይ ለብቻው አንዴ ጻፉ፣ ስታይለብሎቹ ውስጥ ስሙን ብቻ።

ደግሞ ስታይለብል ሳያውጁ አሬይ በእጅ ሠርተው ለኦብቴይን የሚሰጡ አሉ። አሬዩ ከትንሽ ወደ ትልቅ አይዲ ካልተደረደረ አንዳንዱ አትሪቢዩት ዝም ብሎ ይጠፋል። ስታይለብል ብታውጁ ግን መደርደሩን ቢልዱ ይሠራላችኋል።

አዌቱ_ዳር | ሐሙስ ጠዋት 3:30

ሁሉንም አስገብቼ ለሙከራ ሰጠሁ። ሁለት ነገር ተመለሰ። አንደኛ፣ አንድሮይድ 9 ያለው ስልክ ላይ ስክሪኑ ሲከፈት አፑ ይዘጋል፤ አንድሮይድ 13 ላይ ምንም አይልም። ሁለተኛ፣ ዊጄቱ ዲያሎግ ውስጥ ሲገባ ውፍረቱ ልክ ነው፣ ቀለሙ ግን የኛ አረንጓዴ ሳይሆን ወይን ጠጅ ነው።

የቆጪዋ | ሐሙስ ጠዋት 3:55

የአንደኛውን ልገምት፦ ሪሳይክል (አንብቦ ሲያበቃ መልሶ መልቀቅ) ላለመጻፍ ታይፕድ-አሬዩን (ኦብቴይን የሚመልስልህን) ራሱ በሚዘጋው በዩዝ ከበብከው።

ታይፕድ-አሬይ አውቶ-ክሎዘብል የሆነው ከኤፒአይ 31 ጀምሮ ነው። ኮምፓይል ኤስዲኬህ 31 ወይም በላይ ከሆነ ኮትሊን የራሱን ዩዝ አግኝቶ ያስገባዋል፣ ቢልዱ ያልፋል፣ አዲስ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ኤፒአይ 28 (አንድሮይድ 9) ላይ ሲደርስ ይወድቃል። አንድሮይድኤክስ-ኮር ያለውን ዩዝ ኢምፖርት አድርግ፣ ወይም ይበልጥ ጥሩው ዊዝ-ስታይልድ-አትሪቢዩትስ የሚለውን ተጠቀም፤ አራቱንም ፓራሜትር ይቀበላል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ሪሳይክል ያደርጋል። ከብሎኩ ውጭ አሬዩን አትንካው፤ ሪሳይክል የተደረገን ማንበብ ራሱን የቻለ ክራሽ ነው።

ሂርማታ_47 | ሐሙስ ጠዋት 4:18

ሁለተኛው የዲያሎጉ ገጽታ ነው። ስታይልህ ቀለሙን ከከለር-ፕራይመሪ ነው የሚወስደው አይደል? የተቀየረው ፕራይመሪው ነው።

ዲያሎግ የአክቲቪቲውን ገጽታ ወስዶ ከላዩ የራሱን ይደርብበታል። የተደረበው ያልጠቀሰው ሁሉ ከሥሩ ይቀራል፣ የጠቀሰው ይሸፈናል። አለርት-ዲያሎግ-ቲም ላይ ያስቀመጥከው ፓረንቱ ሙሉ ገጽታ ከሆነ ፕራይመሪውን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ያ ወይን ጠጅ የማቴሪያሉ ዲፎልት ነው። ፓረንቱን ቲም-ኦቨርሌይ ከሚሉት ወገን አድርገው። ኦቨርሌይ የሚነካው ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

ዊጄቱ በአፕሊኬሽን ኮንቴክስት ተፈጥሮ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ የአክቲቪቲው ገጽታ አብሮት አይመጣም።

አዌቱ_ዳር | ሐሙስ ቀን 7:10

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ተስተካከሉ። እንዲህ ያለውን ሳልገምት ራሴ የማይበት መንገድ የለም? የትኛው ዋጋ ከየት እንደመጣ።

ጅሬን_ኮረብታ | ሐሙስ ማታ 1:40

አለ፣ አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ያስፈልግሃል። በኤዲቢ ሼል ሴቲንግስ ፑት ግሎባል ብለህ ዲበግ-ቪው-አትሪቢዩትስን 1 አድርግ፣ አፑን ዘግተህ ክፈት። ከዚያ ኮዱ ውስጥ ለጊዜው ጌት-አትሪቢዩት-ሪዞሉሽን-ስታክን በአትሪቢዩቱ አይዲ ጥራና ሎግ ላይ አውጣው፤ የተፈተሹትን ስታይሎች በተራቸው ይዘረዝርልሃል። ጌት-ኤክስፕሊሲት-ስታይል ደግሞ ታጉ ላይ የተያያዘውን ይሰጥሃል፣ ከሌለ 0። አይዲዎቹ ቁጥር ስለሆኑ በጌት-ሪሶርስ-ኔም ወደ ስም ቀይራቸው።

አሬዩን እንዳነበብክ በቪው-ኮምፓት በኩል ሴቭ-አትሪቢዩት-ዳታ-ፎር-ስታይለብልን መጥራትም ልመድ፤ ያንተን አትሪቢዩቶች ምንጭ ለመርማሪ መሣሪያዎች የሚያስመዘግበው እሱ ነው። ስትጨርስ ሴቲንጉን ወደ 0 መልሰው፣ ስክሪን አከፋፈት ላይ ጭነት ይጨምራል።

ፈረንጅ_አራዳ | ሐሙስ ማታ 2:25

እኛ ፍላተር ላይ ያለነውስ? ይህ ሁሉ ተራ እዚያ የለም መሰለኝ።

የቆጪዋ | ሐሙስ ማታ 2:44

አለ፣ ግን ተራውን የምትጽፈው አንተ ነህ። ከፍላተር 3.0 ወዲህ ቲም-ኤክስቴንሽን አለ፤ ለዊጄትህ የሚሆን ክላስ ትሠራለህ፣ ኮፒ-ዊዝ እና ለርፕ (ከአንዱ ገጽታ ወደ ሌላው ሲሻገር መሃሉን የሚያሰላ) ትጽፍለታለህ፣ ቲም-ዳታው ላይ ኤክስቴንሽንስ ውስጥ ታስመዘግበዋለህ። ቢልድ ሜተዱ ውስጥ በመጀመሪያ ለዊጄቱ በቀጥታ የተሰጠውን፣ ነል ከሆነ ከኤክስቴንሽኑ፣ እሱም ነል ከሆነ መጠባበቂያውን፤ በሁለት ጥያቄ ምልክት አንድ መስመር ነው።

የሚሳሳቱበት ቦታ አንድ ነው። ኤክስቴንሽኑን ለብርሃኑ ገጽታ ያስመዘግቡና ለጨለማው ይረሳሉ። ከዚያ ሲጠሩት የቃለ አጋኖ ምልክት ያደርጉበታል። ቀን ቀን ይሠራል፤ ስልኩ ማታ ወደ ጨለማ ገጽታ ሲዞር ኤክስቴንሽኑ ነል ይሆንና ቀይ ስክሪን ይመጣል። ለርፕ ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ ዲስን (ያንኑ ሳይቀየር) መመለስ አያወድቅም፣ ግን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲቀየር የሌላው ቀለም ቀስ እያለ ሲሄድ ያንተ ዊጄት ይዘላል።

አዌቱ_ዳር | ዓርብ ጠዋት 3:15

ጨለማ ከተነሳ፣ የኔ ቀለበት ስልኩ ገጽታ ሲቀይር የድሮውን ቀለም ይዞ ይቀራል። አፑን ዘግቼ ስከፍተው ይስተካከላል።

ሂርማታ_47 | ዓርብ ጠዋት 3:34

ማኒፌስቱ ላይ ኮንፊግ-ቼንጅስ ውስጥ ዩአይ-ሞድ ጽፈሃል። እሱ ካለ አክቲቪቲው እንደገና አይፈጠርም፤ ቀለሙን ደግሞ ኮንስትራክተር ውስጥ አንዴ ነው ያነበብከው። ዩአይ-ሞድን ከዚያ አውጣው።

አዌቱ_ዳር | ዓርብ ጠዋት 3:50

ነበር፣ ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ የመጣ ነው። አወጣሁት፣ አሁን ይቀየራል። ሃያ ሁለቱም ቦታ ላይ የነበረውን ስታይል ሰርዣለሁ፤ አንድ መስመር ገጽታው ላይ ብቻ ቀርቷል።